«አለ» ወይስ «ማለቱ ነው»? ስለ ተዘዋዋሪ ትርጉም የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ቃላትና የአማርኛ አቻዎቻቸው

በዚህ ጽሑፍ ሰዎች በግልጥ ሳይናገሩ የሚያስተላልፉትን መልእክት የሚሰይሙ የእንግሊዝኛ ቃላትን አንድ በአንድ እንመለከታለን፤ በአማርኛ የሚቀርቧቸውንም ከጎናቸው እናስቀምጣለን። ነገሩ ለቋንቋ ተማሪዎች ብቻ የሚሆን ሊመስላችሁ ይችላል። እንደዚያ እንዳልሆነ ለማሳየት ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2006፣ ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማይቱን አጥለቀለቃት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። አብያተ ክርስቲያናትም እንደሌሎቹ ሁሉ ብርድ ልብስ፣ ዱቄትና የቤት ዕቃ እየሰበሰቡ ማከፋፈል ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት፣ በአስተርጓሚነት ወደማገለግልባት አንዲት ቤተ ክርስቲያን ከውጭ አገር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። ዕርዳታውን የላኩት ወገኖች የእደላውን ዝርዝር አይተው ነበር። ከቁጥሩ ተነሥተው ብርድ ልብስ ያልደረሳቸው ቤተ ሰቦች እንዳሉ መረዳታቸውን ጻፉ፤ ይህን ማለታቸውም እናንተ አጥፍታችኋል ለማለት እንዳልሆነ ጨመሩ።

እኔ ደብዳቤውን በሽማግሎች ፊት ቆሜ፣ አስቀድሜ ሳላነብበው ተረጎምሁ። «ኢንፈር» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ «ተነግሮናል» አልሁ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ተነግሮናል ከተባለ የነገረ ሰው አለ ማለት ነው። በመካከላችን ወደ ውጭ አገር በእንግሊዝኛ የሚጻጻፍ አንድ ወንድም ብቻ ነበረ። ማንም በግልጥ አልከሰሰውም። ነገር ግን ሰላምታው ቀዘቀዘ፤ በጸሎት ስብሰባ ላይ «አንዳንድ ሰው ብዕሩን ለምን እንደሚያውለው ጌታ ያውቃል» የሚል ዓይነት ንግግር ተጀመረ። ወንድማችንም ነገሩ ስለ እርሱ እንደሆነ ገባውና መምጣት አቆመ። የአንድ ግስ ስሕተት አንድን ሰው ከወንድሞቹ ለየ። ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ በመጨረሻ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድመን ግን ቃላቱን እንያቸው። የእንግሊዝኛውን ቃላት እንደ አነባበባቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ።

1. ኢምፕላይ እና ኢንፈር፦ ትርጉሙ የማን ነው?

የዚህ ሁሉ ትምህርት ዋናው በር እነዚህ ሁለት ግሦች ናቸው። «ኢምፕላይ» የመጣው «ወደ ውስጥ ማጠፍ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ተናጋሪው አንድ ነገር ይናገራል፤ በንግግሩ ውስጥ ግን ሌላ ነገር አጥፎ ያስቀምጣል። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፤ «ማዘል» እንላለን። «ንግግሩ ማስጠንቀቂያ ያዘለ ነው» ስንል ማስጠንቀቂያው በቃል አልተነገረም፣ ነገር ግን ንግግሩ ተሸክሞታል ማለታችን ነው።

«ኢንፈር» ደግሞ «ይዞ መግባት» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን የሰሚው ሥራ ነው። ሰሚው ከሰማው፣ ካየው ወይም ካነበበው ነገር ተነሥቶ ራሱ የሚደርስበት መደምደሚያ ነው። በአማርኛ «ከንግግሩ የተረዳሁት»፣ «ከሁኔታው ያወጣሁት»፣ «ተነሥቼ የደረስሁበት» ብንል ይስማማል። እንግዲህ ልዩነቱ ቀላል ነው፤ ተናጋሪው ያዝላል፣ ሰሚው ያወርዳል። የሚያወርደው ግን ሁልጊዜ የታዘለውን ላይሆን ይችላል። የእንግሊዝኛ ተወላጆችም እነዚህን ሁለት ቃላት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያቀያይራሉና፣ በምታነቡት ጽሑፍ ውስጥ ተቀያይረው ብታገኟቸው አትደነቁ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ለዚህ ከወንጌል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ (ዮሐ. 21፥20-23) ጴጥሮስ ስለ ሌላው ደቀ መዝሙር ዕጣ ጠየቀ። ጌታም ያ ሰው እርሱ እስኪመጣ እንዲኖር ቢወድ ለጴጥሮስ ምን እንደሚገደው መልሶ ጠየቀው። ከዚህ የተነሣ ያ ደቀ መዝሙር አይሞትም የሚል ወሬ በወንድሞች መካከል ተሰማ። ወንጌላዊው ግን ቆም ብሎ ያርማቸዋል፤ ኢየሱስ አይሞትም አላለም፣ የተናገረው «ቢሆን» ብሎ ነው ይለናል። ወንድሞች የራሳቸውን ኢንፈረንስ በጌታ አፍ ውስጥ አስገብተው ነበር። ክፋት አስበው አልነበረም፤ ነገር ግን «እኛ የተረዳነው» የነበረው «እርሱ ያለው» ሆኖ ተወራ።

ይህን ስል ከተነገረው ተነሥቶ ያልተነገረውን መረዳት ሁሉ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ጌታ ራሱ ለሰዱቃውያን ሲመልስ (ማቴ. 22፥31-32) እግዚአብሔር የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነኝ ካለበት ቃል ተነሥቶ ስለ ሙታን ትንሣኤ ደምድሟል። ጥሩ ኢንፈረንስ በቃሉ ላይ ይቆማል፤ መንገዱንም ሊያሳይ ይችላል። ደካማው መንገዱን ሲጠየቅ «እንዲሁ ተሰማኝ» ይላል።

ከከተማችንም ምሳሌ ልስጣችሁ። «ድሬዳዋ» የሚለውን ስም አንዳንዱ በኦሮምኛ ፈትቶ ከሜዳና ከመድኃኒት ጋር ያያይዘዋል፤ ሌላው በሶማልኛ ከድር ጎሳ ስም ጋር ያያይዘዋል። ስሙ ራሱ ከሁለቱ አንዱን አይናገርም። ሁላችንም ከድምፁ ተነሥተን እየደመደምን ነው፤ ይህም ኢንፈር ማድረግ ይባላል።

2. ኢምፕሊኬሽን እና «አንድምታ»

ዛሬ በጋዜጣና በሬዲዮ «ኢምፕሊኬሽን» ለሚለው ቃል የሚሰጠው አቻ «አንድምታ» ነው፤ «እንድምታ» ብለው የሚጽፉም አሉ። ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት የንባቡን ቀጥተኛ ትርጉም ከሰጡ በኋላ «አንድም» እያሉ ሌላ ትርጉም፣ ደግሞም «አንድም» እያሉ ሦስተኛ ይጨምራሉ። ትርጓሜው ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮጀር ካውሊ በ1983 እና በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት ይህን ትርጓሜ ለውጭው ዓለም አስተዋውቆታል።

እንግዲህ በጥንቱ አገባብ አንድምታ ማለት ለአንድ ንባብ የሚሰጡ የተለያዩ ትርጉሞች ነው። በዛሬው አገባብ ግን ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው «በንግግሩ ውስጥ የታዘለ መልእክት» ሲሆን ሁለተኛው «ነገሩ የሚያስከትለው ውጤት» ነው። «የውሳኔው አንድምታ» ሲባል ውሳኔው በተዘዋዋሪ የሚናገረው ነው ወይስ የሚያመጣው ጣጣ? ኢምፕሊኬሽንም በእንግሊዝኛ እንዲሁ ሁለቱንም ትርጉም ይይዛል። ስለዚህ ስትተረጉሙ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ውጤት ከሆነ «የሚያስከትለው» በሉ፤ የታዘለ መልእክት ከሆነ «ያዘለው» በሉ። እንደዚህ ሲለይ አድማጩ አይደናገርም።

3. ሂንት፣ ሰጀስት እና ኢንቲሜት፦ የለዘቡት

«ሂንት» ፍንጭ ነው። ተናጋሪው ሰሚው እንዲገባው ይፈልጋል፣ ነገር ግን ጥቂቱን ብቻ ያሳየዋል። አበው «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ሲሉ ፍንጭ ይበቃዋል ማለታቸው ነው። በቃና ሰርግ ማርያም ለልጅዋ የነገረችው የወይን ጠጁን ማለቅ ብቻ ነበረ (ዮሐ. 2፥3)። አንድ ነገር አድርግ አላለችም፤ ጌታ ግን ልመናው ገባው። ማርታና ማርያምም የላኩት መልእክት የሚወድደው ሰው መታመሙን ብቻ ነበር (ዮሐ. 11፥3)። «ና» የሚል ቃል በመልእክቱ ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ያላዘለው ነው የሚል ማን ነው?

«ሰጀስት» ለአስተርጓሚዎች ወጥመድ ነው፤ ሁለት ትርጉም አለውና። አንደኛው ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ «ስብሰባው ረቡዕ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ» እንደምንለው። ሁለተኛው ግን በተዘዋዋሪ ማመልከት ነው። አንድ ሰው በቁጣ «ዋሽቻለሁ ብለህ ሰጀስት ታደርጋለህን?» ቢል «ሐሳብ ታቀርባለህን?» ተብሎ አይተረጎምም፤ «ዋሽተሃል ልትለኝ ነው?» ይባላል። ማስረጃ ሰጀስት አደረገ ሲባል ደግሞ «ያመለክታል» ማለት ነው፤ «ያረጋግጣል» ማለት አይደለም። ይህን መለየት በተለይ የጤናና የገንዘብ ሪፖርት ለሚተረጉም ሰው እጅግ ያስፈልጋል።

«ኢንቲሜት» ግስ ሲሆን በጭምጭምታ፣ በለሰለሰ ቃል ማሳወቅ ነው። ቅጽል ሲሆን ግን በጽሕፈት አንድ ሆኖ ድምፁ ይለያል፤ ትርጉሙም «የቅርብ» ይሆናል። ሁለቱን አታምታቱ።

በዚህ ስፍራ አንድ ስም ማንሣት ይገባል። ፖል ግራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1967 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሰጠው ትምህርት ሰዎች ካሉት በላይ እንዴት እንደሚያስተላልፉ አስረዳ፤ «ኢምፕሊኬቸር» የሚለውንም ስም አወጣለት። የዚህ ትምህርት ዋናው ክፍል በ1975 ታትሟል። አሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ የሚነጋገሩ ሰዎች እርስ በርስ እንደሚተጋገዙ ይታመናል፤ ስለዚህ መልሱ ከጥያቄው የራቀ ሲመስል ሰሚው የታጠፈውን ይፈልጋል። ለምሳሌ አንዲት እህት «ስብከቱ እንዴት ነበር?» ብላ ብትጠይቃችሁና «መዝሙሩ ጥሩ ነበር» ብላችሁ ብትመልሱ፣ ስለ ስብከቱ ምንም አላላችሁም። እርስዋ ግን ሰምታችኋለች።

ከግራይስ የምንወስደው ጠቃሚ መመዘኛም አለ። የታዘለ ትርጉም ሊሰረዝ ይችላል። «መዝሙሩ ጥሩ ነበር፤ ስብከቱም እንዲሁ» ብትሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አልተናገራችሁም። በግልጥ የተነገረ ግን እንዲህ አይሰረዝም። «ስብከቱ መጥፎ ነበር፤ ስብከቱ መጥፎ አልነበረም» ማለት አይቻልም። እንግዲህ አንድ ሰው «እንዲህ ብለሃል» ሲላችሁ ይህን ጠይቁ፦ ተናጋሪው «ይህን ማለቴ አይደለም» ቢል ከቃሉ ጋር ይጋጫልን? የማይጋጭ ከሆነ ነገሩ የተባለ ሳይሆን የተረዳነው ነው፤ ተናጋሪውም የመታረም መብት አለው።

4. ሰምና ወርቅ፣ ኅብርና ምጸት

በአገራችን ስለ ተዘዋዋሪ ትርጉም ሲነሣ ሰምና ወርቅን ማለፍ አይቻልም። ስሙ ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ነው፤ አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራና በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ካስወጣ በኋላ በስፍራው ወርቁን ያፈስሳል። በቅኔም ሰሙ ላይኛው ትርጉም ነው፤ ወርቁ የተሰወረው ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመውና ርእሱን ከዚሁ በወሰደው መጽሐፉ፣ ይህ አነጋገር ከቅኔ ቤት ወጥቶ በዕለት ኑሮ ለቀልድ፣ ለዘለፋ፣ የራስን ነገር ለመሸፈንና ሹማምንትን ለመተቸት እንደሚያገለግል ጽፏል።

አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሸከም «ኅብር» ይባላል። አንዲት እህት በምስክርነትዋ «ይህ አገልግሎት ሳይገባኝ ተሰጠኝ» ብትል፣ «ሳይገባኝ» ከአቅሜና ከማዕረጌ በላይ ሆኖ ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ነገሩን ሳልረዳው» ማለትም ሊሆን ይችላል። ወደ እንግሊዝኛ ስትተረጉሙ ሁለቱን የሚይዝ ቃል አታገኙም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ስለዚህ ተናጋሪዋን መጠየቅ ይሻላል። የሚናገረውና የሚፈልገው ተቃራኒ ሲሆን ደግሞ «ምጸት» እንለዋለን፤ እንግሊዝኛው «አይረኒ» ይለዋል። ዘግይቶ ለመጣ ሰው «ምነው ማልደህ መጣህ!» ማለት ምጸት ነው።

5. ኢንሲኑዌት እና ኢኑዌንዶ፦ የሚወጉት

እስካሁን ያየናቸው በራሳቸው መልካምም ክፉም አይደሉም። «ኢንሲኑዌት» ግን ክፉ ሽታ አለው። ከላቲኑ «ጠምዘዝ እያሉ ሾልኮ መግባት» ማለት ነው። ተናጋሪው ስለ ሌላው ክፉ ነገር በሰሚው ልብ ይዘራል፤ ሲጠየቅ ግን «እኔ መች አልሁ?» ለማለት መውጫ አዘጋጅቷል። «ኢኑዌንዶ» ከእርሱ ጋር ይቀራረባል፤ በላቲን በራስ ንቅናቄ ማመልከት ነበር፣ እኛ በጥቅሻ እንደምንለው። በጥንቱ የእንግሊዝ የስም ማጥፋት ክስ ከሳሹ በላይ ሲያዩት ንጹሕ የሚመስለው ቃል በእርግጥ እርሱን እንደሚሰድብ የሚያስረዳበት ክፍል በዚህ ስም ይጠራ ነበር።

አማርኛ በዚህ በኩል አልደኸየም። «አሽሙር» እና «አግቦ» ሰውን ሳይጠሩ የሚወጉ ንግግሮች ናቸው። «ሽሙጥ» ማላገጥ የተጨመረበት ነው። «ውስጠ ወይራ» ደግሞ ላዩ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ እንደ ወይራ በትር የጠነከረ ንግግር ነው። እንግዲህ ኢንሲኑዌትን «ጠቆመ» ብሎ መተርጐም ያለሰልሰዋል፤ «በአሽሙር ተናገረ» ወይም «ጥርጣሬ ዘራ» ማለት ይሻላል።

በመጽሐፍ ቅዱስም ይህ አነጋገር ይገኛል። ሰይጣን ስለ ኢዮብ ሲጠየቅ (ኢዮ. 1፥9) ኢዮብ ግብዝ ነው አላለም፤ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራው በከንቱ እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ክሱ በጥያቄው ውስጥ ታጥፏል። ሰንባላጥም ወደ ነህምያ ደብዳቤ ሲልክ (ነህ. 6፥5-7) ዓመፅ አስባችኋል የሚለውን ክስ «በአሕዛብ ዘንድ ይወራል» በሚል መጋረጃ ሸፈነው፤ ደብዳቤውንም ያልታሸገ አድርጎ ላከው። ያልታሸገ ደብዳቤ ማንም በመንገድ ሊያነብበው ይችላልና ወሬው እንዲሠራጭ ታስቦ ነው ብለን ብንደመድም ኢንፈር አድርገናል፤ መሠረት ግን አለን። ነህምያ ምን አደረገ? አሽሙርን በአሽሙር አልመለሰም። የተባለው ነገር እንዳልተደረገ፣ ጠያቂውም ከልቡ እንደፈጠረው በግልጥ ነገረው (ነህ. 6፥8)።

6. አሉድ እና ሪፈር

«ሪፈር» ማለት አንድን ነገር በስሙ ጠርቶ ማንሣት ነው። «አሉድ» ግን ስሙን ሳይጠሩ ሰሚው እንዲያስታውሰው አድርጎ መንካት ነው። ሰባኪ «ኢሳይያስ እንዲህ አለ» ቢል ሪፈር አደረገ፤ ነቢዩን ሳይጠራ በአነጋገሩ ቢያስታውሰን አሉድ አደረገ። የዮሐንስ ራእይ ለዚህ የታወቀ ነው። ከዳንኤል፣ ከሕዝቅኤል፣ ከኢሳይያስና ከዘካርያስ የተወሰዱ ሥዕሎች ሞልተውበታል፤ ነገር ግን «በነቢዩ እንዲህ ተብሎ ተጽፎአል» እያለ አይጠቅስም። የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ስታነቡ «አሉዥን» የሚለውን «ጥቅስ» ብላችሁ አትተርጉሙ፤ «ማስታወሻ» ወይም «ሳይጠሩ መንካት» ማለት ይቀርባል። በጆሮ ብቻ ስትሰሙ ደግሞ «ኢሉዥን» ከሚለው ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ያኛው የዓይን ወይም የአሳብ መታለል ነው።

7. ዲኖት እና ኮኖት፦ የድሬዳዋ «አንተ»

«ዲኖት» ቃሉ በቀጥታ የሚያመለክተው ነው። «ኮኖት» ከቃሉ ጋር ተጓዳኝ ሆኖ የሚመጣው ስሜት ነው፤ አክብሮት፣ ንቀት፣ ፍቅር፣ ርቀት። ይህን ለማስረዳት ከድሬዳዋ መውጣት አያስፈልገንም። በድሬዳዋና በሐረር ታላቅን ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ መጥራት የታወቀ ነው። የሰፈር ልጅ ሽማግሌውን «አቦ፣ ና እንጂ ቡና ጠጣ» ይለዋል፤ ሽማግሌውም ደስ ብሎት ይቀመጣል። ከጎጃም ወይም ከጎንደር የመጣ አገልጋይ ግን ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፤ በእርሱ አገር ለታላቅ «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ይባላልና።

ቃሉ በሁለቱም አገር ዲኖት የሚያደርገው አንድ ነው፤ ፊት ለፊት ያለ አንድ ወንድ። ኮኖቴሽኑ ግን በአንዱ አገር ቅርበት፣ በሌላው ንቀት ነው። እንግዳው አገልጋይ «ናቁኝ» ብሎ ቢደመድም ኢንፈረንሱ በአገሩ ልክ፣ በድሬዳዋ ግን ስሕተት ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ ደግሞ የድሬዳዋ ሰው ሁሉ እንዲህ ይናገራል ብላችሁ አትደምድሙ፤ ያን አላልሁም። ለአስተርጓሚ ግን ትምህርቱ ትልቅ ነው። የእንግሊዝኛው «ዩ» አንተንም፣ አንቺንም፣ እርስዎንም፣ እናንተንም ስለሚሸፍን፣ የትኛውን እንደምትመርጡ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የንቀት ወይም የአክብሮት ስሜቱን የጨመረው እንግዳው ተናጋሪ ሳይሆን አስተርጓሚው ነው ማለት ነው።

8. ኢምፕሊሲት፣ ታሲት፣ ኤክስፕሊሲት

«ኢምፕሊሲት» በውስጥ ያለ፣ ያልተዘረጋ ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜም አልተጻፈም፤ ነገር ግን መርዶክዮስ እርዳታ ከሌላ ስፍራ እንደሚመጣ ሲናገር (አስቴ. 4፥14) አንባቢዎች ከጥንት ጀምሮ ማንን እንደሚያስብ ተረድተዋል። «ታሲት» ከላቲኑ «ዝም ያለ» ከሚለው የመጣ ሲሆን በዝምታ የተደረገ ስምምነትን ያመለክታል። በስብሰባ ላይ ሰብሳቢው «ተቃውሞ አለ?» ብሎ ማንም ካልተናገረና ውሳኔው ከጸደቀ ስምምነቱ ታሲት ነው።

«ኤክስፕሊሲት» ግልጥ ነው፤ ታጥፎ የቀረ ነገር የለውም። ናታን ለዳዊት ስለ ድሀው ሰው በግ ሲነግረው (2ሳሙ. 12፥1-7) ምሳሌው ክሱን አዝሎ ነበር። ዳዊት ግን ነገሩ ስለ እርሱ እንደሆነ አልገባውም፤ በሌላ ሰው ላይ ፈረደ። ስለዚህ ነቢዩ ያ ሰው ዳዊት ራሱ እንደሆነ በግልጥ ነገረው። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንላለን፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምሳሌው ካልገባ በግልጥ መናገር ደግሞ ይገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «ኢምፕሊኬት» የሚለው ግስ ከኢምፕላይ ጋር ዘመድ ቢሆንም ትርጉሙ ሌላ ነው። ሰውን ኢምፕሊኬት ማድረግ በወንጀል ወይም በጥፋት እጁ እንዳለበት ማሳየት ነው። ሪፖርት አንድን ሰው «ኢምፕሊኬት አደረገ» ሲባል «ስለ እርሱ ጠቆመ» ብቻ አይደለም፤ ከጥፋቱ ጋር አቆራኘው ማለት ነው።

9. በአጭሩ ለማስታወስ

ኢምፕላይ፦ ማዘል፤ የተናጋሪው ወይም የጽሑፉ ነው።
ኢንፈር፦ ተነሥቶ መረዳት፣ መደምደም፤ የሰሚው ነው።
ኢምፕሊኬሽን፦ አንድምታ፤ የታዘለ መልእክት ወይም የሚከተል ውጤት።
ሂንት፦ ፍንጭ።
ሰጀስት፦ ሐሳብ ማቅረብ፤ ወይም ማመልከት።
ኢንቲሜት፦ በለሰለሰ ቃል ማሳወቅ።
ኢንሲኑዌት፦ በአሽሙር መናገር፣ ጥርጣሬ መዝራት።
ኢኑዌንዶ፦ አሽሙር፣ አግቦ።
አሉድ፦ ስም ሳይጠሩ መንካት። ሪፈር፦ በስም ጠርቶ ማንሣት።
ዲኖት፦ በቀጥታ ማመልከት። ኮኖት፦ ተጓዳኝ ስሜት መያዝ።
ኢምፕሊሲት፦ በውስጥ የታዘለ። ታሲት፦ በዝምታ። ኤክስፕሊሲት፦ በግልጥ።
ኢምፕሊኬት፦ ከጥፋት ጋር ማቆራኘት።

10. እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የምትተረጉሙ ወገኖች ሆይ፣ ደብዳቤን አስቀድማችሁ ሳታነብቡ በሰው ፊት አትተርጉሙ። ቃሉን ካላወቃችሁት «ይህን ቃል ልየው» ማለት አያሳፍርም። የታዘለውን እንደታዘለ፣ የተገለጠውን እንደተገለጠ አስተላልፉ። ሁለተኛ፣ ስታወሩ «እንዲህ አለ» እና «እንዲህ ማለቱ መሰለኝ» የሚሉትን ለዩ። በሁለቱ መካከል የአንድ ሰው ስም አለ። ሦስተኛ፣ አሽሙር የሰማችሁ ሲመስላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ሰውዬውን ጠይቁት፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልስ ለመጻፍ ደብዳቤውን እንደገና ሳነብብ ቃሉን አየሁት። በመዝገበ ቃላት አረጋገጥሁ። ማንም ለላኪዎቹ አልነገራቸውም፤ ዝርዝሩን ደምረው ራሳቸው ደርሰውበታል። ተናጋሪው እኔ የፈጠርሁት ሰው ነበር። ወደ ሽማግሎቹ ሄጄ ስሕተቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኋቸው፤ ከዚያ አብረን ወደ ወንድማችን ቤት ሄድን። ሽማግሎቹ ይቅርታ ጠየቁት፤ እኔም ጠየቅሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ እንደ ድሬዳዋ ልጅ «አቦ፣ አንተ ቤት መዝገበ ቃላት የለም እንዴ?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያም ሳቁን አቁሞ ወደ ሽማግሎቹ ዞረና አንድ ነገር ጠየቃቸው፦ «ከእናንተ አንዱ እንኳ መጥቶ ለምን አልጠየቀኝም?»

ለዚህ ጥያቄ የመለሰ አልነበረም። በሚቀጥለው እሑድ ግን በስፍራው ተቀምጦ አየነው።